በድሬዳዋ ለገሃሬ ለብቻ ሲቆዝሙ የሚደመጥ ሙዚቃ እንዴት እንደሚመረጥ

በብዙ አገር ከተማው ይቀድምና ባቡሩ ይከተላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የቀደመው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ አቀበቱ ሥራውን ስላከበደው መሥመሩ ቆላውን ይዞ እንዲቀጥል ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902) ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። አብሮት የተቆረቆረው ሰፈርም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ ሀዲድ የደረሰላት ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአሮጌው ጣቢያ ፊት የሚቀመጥ ሰው፣ ቤቶቹና መንገዶቹ ሳይኖሩ ባቡር ይጠበቅበት በነበረ ቦታ ላይ መቀመጡን ቢያውቅ መልካም ነው።

ዛሬ ያ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሀዲድ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ መንገደኛ ማመላለሱን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ በኩል ያልፋል። የከተማው ሰው ለገሃሬ የሚለው ሰፈር፣ ስሙን ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» የወረሰው፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጋር ባለበት አለ። የጣቢያው ግንባር ላይ የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ይነበባል፤ ፊት ለፊቱ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ ወዲያ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ባለዛፍ መንገዶች ተዘርግተዋል። የመጠበቂያው ቦታ እንዳለ ነው፤ ሳይመጣ የቀረው የሚጠበቀው ብቻ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ለብቻ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ማድመጥ የለመድኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምመርጠው ሙዚቃ ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ አሳዛኝ ነው የተባለውን ሁሉ እየሰበሰብኩ እመጣና ግማሽ ሰዓት ሳልቆይ ተነሥቼ እሄድ ነበር። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቀላል ነው፤ ለጣቢያ የሚሆነው የሚጠብቅ ሙዚቃ ነው፣ የሚያለቅሰው ለቤት ይሁን። የሚያለቅስ ሙዚቃ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ሰውየው ሄዷል፣ ፍርዱ ተሰጥቷል፣ የቀረው እንባው ነው። የሚጠብቅ ሙዚቃ ግን ገና አልቆረጠም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ይህን ልዩነት ለማወቅና በእሱ መሠረት ለመምረጥ የሚረዳ ነው።

ሰዓቱና መቀመጫው

ሙዚቃው ከመመረጡ በፊት ሰዓቱ መመረጥ አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ዘፈን በድሬዳዋ ቀትርና በድሬዳዋ ምሽት ሁለት የተለያየ ዘፈን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነች ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሱቁም ሰውም ያርፋል፣ ጫት የያዘው በየጥላው ይሰበሰባል፣ ባጃጁ እንኳ ይቀንሳል። በዚህ ሰዓት ከተማው ራሱ ዝም ስለሚል ሙዚቃ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ላብዎን እየጠረጉ ማድመጥም ትካዜን ወደ ብስጭት ይለውጠዋል። የተሻለው ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪመሽ ያለው ጊዜ ነው። ነፋሱ መንፈስ ይጀምራል፣ ብርሃኑ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ወደ ጎን ይተኛል፣ ሰው ከቤቱ ይወጣል። በሰው መካከል ብቻ መሆን ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ከመሆን የበለጠ ለዚህ ነገር ይስማማል። ማልዶ መነሣት የማይከብደው ሰው ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ያለውንም ሊሞክር ይችላል፤ ያ ግን ለመቆዘም ሳይሆን ለማሰብ የሚሆን ሰዓት ነው፤ ሙዚቃውም ሌላ ነው።

መቀመጫን በተመለከተ፣ አደባባዩ ላይ ካለ የዛፍ ጥላ ሥር ወይም ሻሂ ከሚፈላበት ቦታ በርጩማ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ወደ ግቢው ውስጥ ገብተው መድረኩንና ቆመው የቀሩትን ፉርጎዎች ማየት ከፈለጉ ጥበቃውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ማንሣትም እንዲሁ በፈቃድ ነው። ከሌላ ከተማ ለመጣ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥበቃው በዕድሜ ቢያንስዎም «አንተ» ብሎ ቢጠራዎ ወይም ከነገሩ ሁሉ በፊት «አቦ!» ቢልዎ ንቀት አይምሰልዎ። ድሬ ላይ አንቱታ ሰውን የሚያርቅ ነገር ነው፤ «አንተ» የተባለ ሰው ግን ተፈቅዶለታል ማለት ይቻላል።

ቅኝቱን መለየት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። አብዛኛው አድማጭ ዘፈን የሚመርጠው በዘፋኙ ወይም በግጥሙ ነው፤ ለትካዜ ሲሆን ግን ከሁለቱም አስቀድሞ ቅኝቱን ማወቅ ይጠቅማል። የአገራችን ዘፈን በአብዛኛው የሚያርፍባቸው አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። የሙዚቃ ትምህርት ያልተማረ ሰው እንኳ በስልኩ ላይ ባለ የፒያኖ መተግበሪያ ልዩነታቸውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ በጆሮው ሊለየው ይችላል።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው በዝግታ ቢመቱ ትዝታ ሜጀር ነው። አሁን ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጓቸው፤ ሦስቱን አይንኩ። ይህ ትዝታ ማይነር ነው። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አንድን ሰው በፈገግታ ሲያስታውሱት ያለው ስሜት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ ሰው ስልኩ አልነሣ ሲል ያለው ስሜት ነው። ብዙ ሰው ለትካዜ የሚመርጠው ማይነሩን ነው። እኔ ግን ጣቢያ ላይ በሜጀሩ እንዲጀመር እመክራለሁ። ሜጀሩ ያዘነ አይመስልም፤ ሐዘኑ ያለው በዝግታው ነው፤ በዚያ ላይ ለአካባቢው ድምፅ፣ ለባጃጁ ጥሩምባና ለሕፃናቱ ጩኸት ቦታ ይለቅላቸዋል። ማይነሩ ግን ወዲያው በር ዘግቶ ያስቀምጥዎታል፤ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ጣቢያውም አይታይም።

ባቲ ከትዝታ ይልቅ ቀና ያለ ቅኝት ነው፤ ማይነሩ (ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል፤ ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) የመንገድ ጠባይ አለው፣ የሚሄድ ሰው እንጂ የተቀመጠ ሰው ቅኝት አይመስለኝም። ስለዚህ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ለመሄድ ለሚያስቡበት ሰዓት ያቆዩት። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል) ከሁሉም የከበደው ነው፤ ከዶ ወደ ሬ ቤሞል ያለችው ጠባብ እርምጃ አንገትን እንደ መድፋት ያለች ናት። አንድ አምባሰል ለአንድ ምሽት ይበቃል። አንቺሆዬን በተመለከተ፣ ድምፆቹ ያላረፉ፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ ስለሆኑና ጆሯችንም በሠርግ ዘፈን ስለለመዳቸው ለዚህ ጉዳይ አልመክረውም።

ትዝታ ለባቡር ጣቢያ ይስማማል ስል የድምፁን ባሕርይ ብቻ ማለቴ አይደለም። ትዝታ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘፈን፣ ምናልባትም የብዙ መቶ ዘፈኖች ስም ነው፤ ዘፋኙ ሁሉ የራሱን ግጥም እያስገባ ያንኑ ዜማ ይዘፍነዋል። ከግጥሞቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ደግሞ ወዳጁ እመጣለሁ እያለ ስለሚቀርበት ሰው የሚያወራው ነው። ይህ ስሞታ በቤትም በመንገድም ሊዘፈን ይችላል፤ ከሀዲድ አጠገብ ሲደመጥ ግን ቃል በቃል እውነት ይሆናል፣ ከፊትዎ ያለው ሁሉ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ነውና።

መሣሪያውና ምቱ

ቅኝቱ ከተለየ በኋላ መሣሪያው ይከተላል። በእኔ ልምድ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ቃል የሌለው፣ አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ብቻ ያለበት ሙዚቃ የተሻለ ነው። ክራር ለብቻው፣ ዋሽንት ለብቻው፣ ፒያኖ ለብቻው ይሆናል። ሙሉ ባንድ ሲጫወት እዚያ ብዙ ሰው አለ፤ ለብቻው የተቀመጠ አድማጭ ደግሞ በጆሮው ውስጥ ስምንት ሰው ሲገባበት ብቸኝነቱ ይረበሻል።

ለዚህ ሰዓት ከማውቃቸው ሁሉ የሚስማማኝ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላም መንኵሰው የኋለኛ ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም የኖሩና በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው ያረፉ ናቸው፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን ታትሟል። የእሳቸው አመታት ጥብቅ ምት የለውም፤ ይጣደፋል፣ ያመነታል፣ ይቆማል፣ ረስቶት የነበረ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው መለስ ይላል። ይህ ለጣቢያ ትልቅ ጥቅም አለው። ምቱ የታሰረ ሙዚቃ ሲያደምጡ ዙሪያዎ ያለው ድምፅ ሁሉ ከምቱ የወጣ ስሕተት ይመስላል፤ ምቱ የተፈታ ሲሆን ግን የሻሂ ብርጭቆው ኳኳታም፣ የፌስታል ኮሽታውም ከሙዚቃው ጋር ይሄዳል።

ከእሳቸው ቀጥሎ የኃይሉ መርጊያን አኮርዲዮን አስቀምጣለሁ። ኃይሉ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና ከማሽን ከበሮ ጋር አዋሕዶ ለብቻው የቀዳው ካሴት፣ ከአገር ርቆ የልጅነቱን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ሥራ ነው። አኮርዲዮን በወናፍ በሚገፋ አየር ስለሚሠራ ድምፁ ሲጀምርም ሲያበቃም ይተነፍሳል፤ ስለ ባቡር ምንም ሳይናገር ባቡር ያስባል። የሙላቱ አስታጥቄ ዝግ ያሉ መሣሪያዊ ሥራዎችም እዚሁ ይገባሉ፤ ለመምሸት አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር፣ ከዚያ በፊት ግን አይደለም፤ እየተመታ የሚጮኸው ባለብረት መሣሪያው፣ ቫይብራፎኑ፣ ከፀሐይ ጋር አይሄድም።

የድሮውን ባቡር የተሳፈረ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ይረዳኛል። ሀዲዱ በአጫጭር ብረት የተገጣጠመ ስለነበር መንኰራኵሩ በየመጋጠሚያው ሲያልፍ «ድክ-ድክ፣ ድክ-ድክ» የሚል ምት ነበረው፤ ፉርጎው ሲወዛወዝ የሚያንቀላፋ ሰው አገጩ ከዚያ ምት ጋር ይወርድ ነበር። ያ ምት አሁን የለም፤ ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ ካልሸፈነው ግን በጆሮ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ችክችካው የደመቀ ዘፈን፣ የቱንም ያህል ግጥሙ የሚያሳዝን ቢሆን፣ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ሁለት መሣሪያዎችን በተለየ ምክንያት ከዝርዝሩ አወጣለሁ። የመጀመሪያው ሳክስፎን ነው፤ ሳክስፎን ሁሉ ማለቴ ሳይሆን፣ ሽለላና ፉከራውን ወደ ሳክስፎን ያመጣው የጌታቸው መኩሪያ ዓይነቱ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ከበርጩማው የሚያስነሣ እንጂ የሚያስቀምጥ አይደለም። ሁለተኛው በገና ነው። አሥሩ አውታሮቹ ከሥራቸው በተገባው ቆዳ ምክንያት የሚሰጡት ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ከትካዜ ጋር እንደሚሄድ ማንም አይክድም። ይሁንና በገና ጸሎት ነው፤ በጾም ወቅት፣ በተሰበሰበ ልቡና የሚደመጥ ነው፤ ሻሂ እየጠጡ ለስሜት ማጣፈጫ ማድረጉን አልወደውም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመኝ እንደሚኖር አውቃለሁ።

ቃል ያለው ዘፈን መቼ ይግባ

ሃያ ደቂቃ ያህል ቃል የሌለው ከተደመጠ በኋላ የሰው ድምፅ ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ የራስን ታሪክ የያዘ ዘፈን ማስገባት ነው። አንድ ዓመት ላይ ከአንድ ሰው ጋር አብረን የሰማናቸውን ዘፈኖች ሁሉ፣ ሠላሳ ያህል ይሆናሉ፣ በአንድ ፕሌይሊስት ሰብስቤ መጣሁ። አራተኛው ላይ ጣቢያውን ማየት ተውኩ፤ ስድስተኛው ላይ በልቤ ክርክር ጀመርኩ፤ ቤቴ ስገባ የያዝኩት ትካዜ ሳይሆን ንዴት ነበር። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፤ ዘፈኑ የማንንም ስም የሚያስጠራኝ ከሆነ ለቤት ይቀራል።

ለዚህ ክፍል የክራር ዘፋኞች ይመረጣሉ፤ ክራራቸውን ይዘው ለብቻቸው ስለሚዘፍኑ ያደመጠው ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይቀመጣል። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። የአስናቀች ድምፅ ተዋናይት ስለነበረች ይመስለኛል ቅርብ ነው፤ ለአዳራሽ ሳይሆን ለአንድ ጆሮ ትናገራለች። የካሳ ደግሞ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ነው። ከባንድ ጋር ከተዘፈኑት የማህሙድ አህመድን ረጅሙን ትዝታ እመርጣለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሄድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ቀጣዩን ለመምረጥ ስልክ መነካካት አያስፈልግም። የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ ከሁሉም የሚያምም ነው፤ በዚህም የተነሣ ጣቢያ ላይ አላደምጠውም።

ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ብቻ ማድመጥ ደግሞ ከተማዋን መበደል ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ በሚሰማበት አገር፣ ሙሉ በሙሉ በማይገባዎ ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈን ለትካዜ ልዩ ጥቅም አለው፤ ድምፁ ማዘኑን ይነግርዎታል፣ ስለምን እንደሆነ ግን አይነግርዎትም፤ ምክንያቱን እርስዎ ይሞሉታል። ለዚህ የዚሁ ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ አለ። በ1947 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ እዚሁ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ዘፈን ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ብዙ ቋንቋዎችም ዘፍኖ በጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈ ነው። ዑዱን፣ ያን የዐረቦች ባለአውታር መሣሪያ፣ ይዞ በዝግታ የተጫወታቸውን ይምረጡ። ዑድ ከክራር ይልቅ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል። የሶማሌዎቹ የድሮ የዑድና የፍቅር ዘፈኖች፣ ቀራሚ የሚባሉት፣ ከዓሊ ቀጥሎ ቢገቡ መንገዱ አይሰበርም። በዚህ ሀዲድ ወደ ጅቡቲ የወረደው ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ ኮንትሮባንዲስቱም፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት ንጉሥም ሳይቀሩ፣ ወደ ዑድ አገር ነው የሄዱት።

ቅደም ተከተሉና ርዝመቱ

ጠቅላላው ከሃምሳ ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ትካዜው ድካም ይሆናል፤ ደግሞም ሻሂ የሚያፈሉት ሰዎች ቦታውን ለሌላ ደንበኛ ይፈልጉታል። እኔ የማዘጋጀው እንዲህ ነው፦ በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ወይም ፒያኖ በመጀመሪያ፣ ከዚያ አኮርዲዮኑ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት የክራር ዘፋኝ፣ ከዚያ ዓሊ፣ ከዚያ አንዱ ረጅም ትዝታ ማይነር፣ በመጨረሻ ባቲ። አምባሰሉ በመካከል ይገባል ወይም ጨርሶ አይገባም፤ ያን ቀን ባለዎት ልብ ይወሰናል።

በዘፈንና በዘፈን መካከል ዝምታ መኖሩን ግን ቸል አይበሉ። አብዛኛው ማጫወቻ ዘፈኖቹን እያያያዘ ይሄዳል፤ ከቅንብሩ ገብተው ይህን ያጥፉት፣ ወይም ባለሁለት ደቂቃ ባዶ ቅጂ በስልክዎ ቀድተው በየመካከሉ ያስገቡት። ሁለት ደቂቃ ጣቢያው ብቻውን እንዲናገር ይበቃዋል። እንዲያውም ከዓመታት በኋላ የማስታውሰው እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች እንጂ ዘፈኖቹን አይደለም።

አዛን ከተሰማ ሙዚቃውን ያቁሙ። መከባበሩ አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት ደግሞ በሚያዜም የሰው ድምፅ ላይ ሌላ ዜማ መደረብ ሁለቱንም ማበላሸት መሆኑ ነው። ከገበያው ሰፈር ከመጋላ በኩል የሚጀምረው በከዚራ በኩል ካለው ጋር ጥቂት ስለማይገጥም፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ ከየትኛውም ፕሌይሊስት የተሻለ አምስት ደቂቃ ይገኛል።

ስለ ዕቃው

ዘፈኖቹን ከቤት በስልክዎ ላይ አውርደው ይምጡ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ በዘፈኑ መካከል የምትሽከረከረዋን ክብ ከማየት የከፋ የትካዜ ጠላት አላጋጠመኝም። የድሮ ቅጂዎችን ለማግኘት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው ኢትዮፒክስ የተባለው የአልበም ተከታታይ አቋራጭ መንገድ ነው፤ 4ኛው የሙላቱ፣ 10ኛው የትዝታ ዘፈኖች፣ 16ኛው የአስናቀች፣ 21ኛው የእማሆይ ነው።

ኢርፎኑ ድምፅ የሚዘጋ ዓይነት ባይሆን ይመረጣል፤ ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ አንዱን ጆሮ ክፍት ይተዉ። አንድም ጣቢያው እንዲሰማ፣ አንድም ከኋላ የሚመጣው ባጃጅና ቦርሳዎን የሚያየው ሰው እንዲታወቅ ነው። በስፒከር ማጫወት የሰውን ሰላም መንሳት ነው፤ ትካዜ ደግሞ የጋራ ሲሆን ለቅሶ ቤት ይመስላል። የድምፁን ከፍታ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል ያልበለጠ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ልኩን የማገኘው እንዲህ ነው፦ አጠገቤ ያለው ሰው ሻሂውን በማንኪያ ሲያማስል ከተሰማኝ ትክክል ነው፤ ካልተሰማኝ ዝቅ አደርገዋለሁ።

አዲሱ ጣቢያ ላይ ይህን ማድረግ ይቻል እንደሆነ የጠየቁኝ አሉ። ንጹሕና ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ በእርግጥ ይመጣል። የሚመጣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ሰዓቱን ያያል፣ ሻንጣውን ይቆጥራል፣ ትኬቱን ደጋግሞ ይዳብሳል፤ ሙዚቃ ቢያደምጥም በግማሽ ጆሮ ነው። ትዝታውን ከመሳፈሪያው ይልቅ በጉዞው ላይ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግራር ሲያልፍ ቢያደምጡት ይሻላል፤ እሱ ግን ሌላ መመሪያ ያስፈልገዋል።

ሲነሡ

ባቲው ሲጀምር ሒሳብዎን ይክፈሉ፤ ዝርዝር ብር አስቀድመው ይያዙ። የመጨረሻውን ዘፈን እስከ መጨረሻው አይስሙት፤ ተነሥተው በከዚራ ዛፎች ሥር እየሄዱ፣ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ሳይደርሱ በመካከሉ ያጥፉት። ድልድዩን ሲሻገሩ መጋላ በጩኸቷ ትቀበልዎታለች፤ ከእሷ ጋር የሚወዳደር ሙዚቃ የለም። የተቋረጠውን ዘፈን በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከቆመበት ይጀምሩት፤ ትዝታ ግጥሙ እየተጨመረበት የሚሄድ እንጂ የሚያልቅ ዘፈን ስላልሆነ ምንም አይጐድልበትም።

ሻሂ የምታፈላው ሴት ብዙ ጊዜ ለብቻዎ ተቀምጠው ካየችዎ «አቦ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ስለ ቅኝትና ስለ ሀዲድ ለማስረዳት አይድከሙ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። «ቀረ» ይበሏት። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳትጠይቅ ትቀዳልዎታለች።